ቤቱ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?



ከመካከላችን «ቤት ልሠራ» ብላ ያልተሰደደች ስንት ናት? አንዷ ለእናቷ የቆርቆሮ ቤት፣ ሌላዋ ለራሷ ሁለት ክፍል፣ ሌላዋ ደግሞ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት አስባ ነው የመጣችው። ወር በገባ ቁጥር የምንልከው ብር ሀገር ቤት ሲደርስ ብሎኬት ይሆናል፣ ሲሚንቶ ይሆናል፣ የግንበኛ ሂሳብ ይሆናል። ሥራውን ግን በዓይናችን አናይም። ወንድም ወይም አጎት ፎቶ ይልክልናል፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ «እሰይ» እንላለን፤ ለሚቀጥለው ወር እንዘጋጃለን።

የቤት መሥሪያ ዋጋን ሁላችንም እናውቃለን። የሲሚንቶ ዋጋ ሲጨምር ከአዲስ አበባ ሰው ቀድመን የምንሰማው እኛ ነን። ስለ ቤት ሕግ ግን ስንነጋገር ሰምቼ አላውቅም። መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ ተራራ ሲናድ ቤት በሰው ላይ እንዳይወድቅ ተብለው የወጡ ሕጎች አሉ። ታሪካቸው ከ3 ሺህ 700 ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል፤ የሚጀምረውም እኛ ካለንበት ከዚሁ ከመካከለኛው ምሥራቅ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ የሕግ ሰውም መሐንዲስም አይደለሁም። በእረፍት ቀኔ ያነበብኩትንና የገባኝን ነው የማካፍላችሁ። ስታነቡ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡ፤ ቤቱ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? ከግድግዳው ሥር የሞተውስ ሰው እንደ ሰው ይቆጠራል ወይ?

የባቢሎን ድንጋይ

ሐሙራቢ የሚባል ንጉሥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን ባቢሎንን ይገዛ ነበር። ሀገሩ የዛሬዋ ኢራቅ ናት። ሕጎቹን ከሰው ቁመት በሚበልጥ ጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀረጻቸው፤ ድንጋዩ ዛሬ ፓሪስ ከተማ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ከሕጎቹ መካከል ጥቂቶቹ ስለ ግንበኛ ነው የሚናገሩት።

ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ግንበኛ የሠራው ቤት ወድቆ የቤቱን ባለቤት ቢገድል፣ ግንበኛው ይገደላል። የባለቤቱን ልጅ ቢገድል፣ የግንበኛው ልጅ ይገደላል። የባለቤቱን ባሪያ ቢገድል፣ ግንበኛው በምትኩ ሌላ ባሪያ ይሰጣል። ዕቃ ቢያበላሽ ዕቃውን ይተካል፤ የወደቀውንም ቤት በራሱ ገንዘብ መልሶ ይሠራል። ግድግዳው ገና ሳይወድቅ ያዘመመ እንደሆነም ግንበኛው በራሱ ወጪ ያጠናክረዋል።

አስቡት እህቶቼ፣ የወደቀው ያው አንድ ግድግዳ ነው። ከሥሩ የሞተው ጌታው ሲሆን ነፍስ በነፍስ ነው፤ አገልጋዩ ሲሆን ግን እንደ ተሰበረ እንስራ «ሌላ አምጣ» ነው። ሕጉ ተጠያቂውን ለይቶ መጥራቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጡ ብዙ ዘመናት ይህ እንኳ ጠፍቷል። ነገር ግን በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር የሚያድሩትን ሰዎች እኩል አልቆጠራቸውም። ይህንን ነገር አስታውሱልኝ፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሌላው የጥንት ሕግ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ ያለው ነው። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ሰው ከላይ እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ ካላበጀና ሰው ወድቆ ከሞተ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናል። የዚህ አካባቢ ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለሆነ ሰው እላዩ ላይ ይተኛል፣ ልብስ ያሰጣል፣ እህል ያደርቃል። እኛም እዚህ ሰጥህ ላይ ወጥተን ልብስ የምናሰጣው በዚያው ልማድ ነው። የሐሙራቢ ሕግ ሰው ከሞተ በኋላ የሚቀጣ ነው፤ የኦሪቱ ግን ሰው ከመሞቱ በፊት የሚከላከል ነው። እነዚህ ሁለት ዓይነት ሕጎች እስከ ዛሬ አብረውን አሉ። መስኮት ስታጸዳ ወይም ከሰገነት ወድቃ ያለፈች እህት ወሬ ስንቴ ሰምተናል? ከመሞቷ በፊት የሚደርስ ሕግ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም።

የሕግ ትምህርት ቤት የነበራት ከተማ

አሁን ወደ ቤይሩት እንምጣ። በሮማውያን ዘመን ይህች ከተማ በሕግ ትምህርት ቤቷ የታወቀች ነበረች። ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ የሮማን ሕግ በአንድ መጽሐፍ ሲያሰባስብ ከቤይሩት የሄዱ መምህራን በሥራው ተካፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ551 በጁላይ ወር ግን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ባሕሩ ከፍ ብሎ ከተማዋን መታ፤ እሳትም ተከተለ። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ትምህርት ቤቱ ወደ ሳይዳ ተዛወረ፤ ቤይሩት ላይ እንደ ቀድሞው ሆኖ አልተነሣም። ሕግ የምታስተምር ከተማ ናት እንግዲህ የፈረሰችው። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሕግ ግድግዳ አይደግፍም።

ከዚያ ወዲህም የሊባኖስ መሬት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በቅርቡ ዘመን የታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1956 የሆነው ነው። በሹፍና በደቡብ በኩል 136 ሰዎች ሞቱ፤ 6 ሺህ ገደማ ቤቶች ፈረሱ። አብዛኞቹ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ የገጠር ቤቶች ነበሩ። መንግሥት መልሶ የሚገነባ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ቤቶች ተሠሩ። አዲስ ሕንጻ ሲሠራ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲያስብ የሚያስገድደው ደንብ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው። የግንባታ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2004 ተሻሻለ፤ የሕዝብ ደኅንነት ድንጋጌው በ2005 ወጣ። ከ1956 እስከ 2005 ድረስ 49 ዓመት ነው። በመካከሉ የ15 ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት አለ። ዛሬ በየሰፈሩ የምናያቸው፣ ደረጃቸውን የምንጠርጋቸው ብዙዎቹ ፎቆች የተሠሩት በእነዚያ 49 ዓመታት ውስጥ ወይም ከዚያም በፊት ነው።

አዲስ ደንብ ደግሞ ባብዛኛው አዲስ ሕንጻን ነው የሚመለከተው። አሮጌውን ማን ይየው? እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 በአንድ እሑድ ምሽት አሽራፊዬ ውስጥ ፋሱህ በሚባለው ሰፈር አንድ ያረጀ ፎቅ ተደርምሶ 27 ሰው ገደለ። ከሟቾቹ መካከል የውጭ ሀገር ሠራተኞችም ነበሩ። በዚያው ዓመት በግንባታ ላይ የሚደረገውን ቁጥጥር የሚያጠብቅ ድንጋጌ ወጣ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረታችን ለቤት ሕግ የተተረተ ይመስላል።

የአሮጌው ቤት ጣጣ ምንድነው ብትሉ፣ ኪራይ ነው። በጥንቱ ውል የሚኖር ተከራይ የሚከፍለው ገንዘብ በጣም ትንሽ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ቆየ። ባለቤቱ «በዚህ ኪራይ ምን ልጠግን?» ይላል። ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም» ይላል። ማዘጋጃ ቤቱ «አስጠንቅቄያለሁ» ይላል። ሦስቱም እየተያዩ ሳለ ውሃ ወደ ግድግዳው ይገባል፣ ፌሮው ይዝጋል፣ ሲሚንቶው እየተላጠ ይወርዳል። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም የሆነው የወደብ ፍንዳታ ደግሞ እነዚህን ያረጁ ቤቶች ይበልጥ አናጋቸው። በእንደዚህ ዓይነት ፎቅ ምድር ቤት ወይም ጣሪያ ላይ ባለች ክፍል አራትና አምስት ሆነው ተከራይተው የሚኖሩ እህቶች አሉን። ቤቱ አደጋ አለው ወይ ብለን ብንጠይቅ «ካልተመቸሽ ውጪ» ነው መልሱ። ውል የለንም፤ ኪራዩ ሲከፈል ደረሰኝ የለም። ቤቱ ቢወድቅ እዚያ መኖራችንን የሚያሳይ ወረቀት እንኳ የለም።

አስታውሱልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አደረጋቸው። ይህንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ማንኛውም ሕግ ሲወጣ መጀመሪያ መነበብ ያለበት «ይህ ሕግ እነ እገሌን አይመለከትም» የሚለው አንቀጽ መሆኑን ነው። የቤት ሕግም እንደዚሁ የሚያስወጣቸው ሰዎች አሉት።

ምሕረት የተደረገላቸው ሕንጻዎች

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ቤይሩት ስትወዛወዝ ያልነቃች የለችም። ሰው በፒጃማ ወደ ደረጃ ሮጠ፤ መኪና ውስጥ ያደረም ብዙ ነው። እኔ የምሠራበት ቤት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መብራቱ እንደ ደወል ሲወዛወዝ አየሁ። እኛን የነካን የአደጋው ጫፍ ብቻ ነበር። መነሻው ደቡብ ቱርክ ነው፤ መጀመሪያ 7.8፣ በዚያው ቀን ደግሞ 7.5 መጠን ያላቸው ሁለት መንቀጥቀጦች ነበሩ። ቱርክ ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ ሶርያ ውስጥም ሺዎች አለቁ።

ቱርክ ሕግ አጥታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢዝሚት አካባቢ በሆነው መንቀጥቀጥ ከ17 ሺህ በላይ ሰው ከሞተ በኋላ ብዙ ሕግ አውጥታለች። የቤት ባለቤት የመሬት መንቀጥቀጥ መድን እንዲገባ አስገደደች። ግንባታን የሚቆጣጠሩ ድርጅቶች በሕግ ተቋቋሙ። የግንባታ ደንቡ ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ2012 አደገኛ የሆኑ ሕንጻዎች ተለይተው እንዲፈርሱና እንደገና እንዲሠሩ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ወረቀቱን ላየ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018፣ ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ሲቀረው፣ ሌላ ሕግ መጣ። ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃዱ ውጭ የተሠራ ሕንጻ ባለቤቱ ገንዘብ ከከፈለ ሕጋዊ ወረቀት የሚያገኝበት ምሕረት ታወጀ። ማመልከቻው በሚሊዮን ተቆጠረ። ወረቀቱን ለማግኘት ቤቱ ጠንካራ መሆኑን መሐንዲስ እንዲያረጋግጥ አልተጠየቀም፤ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው ተባለ። ባለቤቱ ከፈለ፣ መንግሥት ገንዘቡን ተቀበለ፣ ቤቱ ግን አንድ ፌሮ አልተጨመረለትም። ሰው ይቅር ቢል መሬት ይቅር አይልም።

ሐታይ በሚባለው በጣም በተጎዳው ክፍለ ሀገር ኤርዚን የምትባል ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ሕንጻ አልፈረሰም፣ ሰውም አልሞተም ተብሎ በዓለም ዜና ተወራ። ከንቲባው ሕገ ወጥ ግንባታ አልፈቀድንም ብለው ነበር። የመሬቱ ጠባይም ረድቷቸዋል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጥሩ መሬት ላይ መሥራትም እኮ የሕግ ጉዳይ ነው።

ሕግ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግን ጃፓን አለች። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮና አካባቢዋ በመንቀጥቀጥና በእሳት ከ100 ሺህ በላይ ሰው አጡ። በሚቀጥለው ዓመት ሕንጻ ሲሠራ የመንቀጥቀጥ ኃይል ተሰልቶ እንዲገባ ደንብ አወጡ። በ1981 ደግሞ በጣም አጠበቁት። በ1995 ኮቤ ከተማ ተመትታ ከ6 ሺህ 400 በላይ ሰው ሲሞት መሐንዲሶች ፍርስራሹን አንድ በአንድ መረመሩ። በብዛት የወደቁት ከ1981 በፊት የተሠሩት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት በአብዛኛው ቆመዋል። በዚያው ዓመት አሮጌ ቤቶች እንዲመረመሩና እንዲጠናከሩ የሚያበረታታ ሕግ ወጣ፤ ለምርመራውና ለማጠናከሪያው ወጪም ከመንግሥት የሚሰጥ ድጋፍ ተጀመረ። ቤይሩት ውስጥ ባለቤትና ተከራይ «አንተ ጠግን፣ አንተ ጠግን» የሚባባሉበትን ጉዳይ እነሱ ወጪውን በመከፋፈል ሊፈቱት ሞከሩ ማለት ነው። ተጠያቂውን መጥራት ብቻ አይበቃም፤ ከፋዩም መታወቅ አለበት።

የእኛው ሀገር

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። አያቴ በ1953 ዓ.ም ስለሆነው መንቀጥቀጥ ስታወራ «መሬቱ እንደ ወንፊት ነፋን» ትል ነበር። ያ የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ነው፤ ለወራት እየተመላለሰ ቆይቷል። ማጀቴ ፈረሰች፤ ካራቆሬ ውስጥም ብዙ ቤት ወደቀ። ሀገራችን የስምጥ ሸለቆ ሀገር ናት፤ መሬቷ እየተለያየ ነው። በ2017 ዓ.ም ከታኅሣሥ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ከ5 በላይ መጠን ያላቸው መንቀጥቀጦች ሲመላለሱ ቤት ፈርሷል፣ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ወጥቷል፣ አዲስ አበባም ፎቅ ላይ ያለ ሰው ወደ ውጭ ሮጧል። እዚህ ያለን ሁሉ ሌሊቱን በስልክ ነበር ያደርነው።

ሕጋችንስ? በ1952 ዓ.ም፣ ማለትም ከካራቆሬው መንቀጥቀጥ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ይናገራል። ሕንጻ በሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱ ተጠያቂ ነው ይላል። ቤት የሚሠራ የሥራ ተቋራጭ ደግሞ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለቤቱ ጥንካሬ ዋስ ነው። በአሠራሩ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ቤቱ በቆመበት መሬት ጠባይ ለሚመጣ ጉዳትም ይጠየቃል። እህቶቼ፣ ይህንን ስንቶቻችን ሰምተናል? እኔ ሳነበው ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት። አሥር ዓመት! ነገር ግን ይህ መብት በፍርድ ቤት የሚሠራው ማን ከማን ጋር ምን እንደተዋዋለ ሲታወቅ ነው። የእኛ ቤት የሚሠራው በቃል ነው። «ግንበኛው ጎረቤት ነው፣ ዘመድ ነው» ይባላል፤ ብሩ በእጅ ይሰጣል፤ የተጻፈ ነገር የለም።

በ2001 ዓ.ም የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ወጣ። ያለ ፈቃድ ግንባታ አይጀመርም፣ ፕላን ይቀርባል፣ በየደረጃው ይታያል የሚል ነው። ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ፎቅ የሌለው ተራ መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ተባለ፤ ፎቅ ያለው ምድብ «ለ» ገባ፤ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ደግሞ ምድብ «ሐ» ሆነ። ቁጥጥሩ ወደ ላይኛው ምድብ ሲሄድ ይጠብቃል። ለትልቅ ሕንጻ ይህ ትክክል ነው፤ ሲወድቅ ብዙ ሰው ይገድላልና። ከስደት በሚላክ ብር የሚሠራው ቤት ግን አብዛኛው ምድብ «ሀ» ነው፤ ቁጥጥሩ የሚላላበት ማለት ነው።

ሌላም አለ። አዋጁ ሲወጣ ከ10 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላቸውን ከተሞች፣ ክልሎች የሚመርጧቸውን ሌሎች ከተሞችና ከከተማ ውጭ ያሉ እንደ ፋብሪካና የሕዝብ መገልገያ ያሉ ሕንጻዎችን ነው የተመለከተው። የገጠር እናት ጎጆ እዚያ ውስጥ የለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ጎፋ ውስጥ ተራራው ሲናድ የተቀበሩት የገጠር ቤቶች ናቸው። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጠውን ሰው ሁለተኛው ናዳ ደፈነው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እነሱስ ከተማ ውስጥ ነበሩ፤ ግን ከተራራው ሥር በጭቃና በላስቲክ የተሠራ ቤት በየትኛው ምድብ ይጻፋል? ድሃ ቤት የሚሠራው ሕግ ባለበት ቦታ ሳይሆን ቦታ ባገኘበት ነው። ሕጉ «ሕገ ወጥ» ብሎ ካለፈው፣ ከአደጋ የሚጠብቀውም የለም።

የድሬዳዋ ልጆች ደግሞ 1998ን አይረሱትም። ሐምሌ ሊወጣ ሲል በሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ደቻቱ በጋውን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል። ዝናቡ የዘነበው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው፤ ጎርፉ የመጣው ታች ለተኛው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ። እንደገና ጅብ ከሄደ በኋላ ማለት ነው። አሁን ደግሞ የአየር ንብረቱ እየተለወጠ ነው፤ ዝናቡ ሲቀር ጨርሶ ይቀራል፣ ሲመጣ በአንድ ቀን ይወርዳል። «ውሃ እዚህ ደርሶ አያውቅም» የሚለው የአባቶች ምስክርነት እንደ ድሮው አያስተማምንም።

ብሩ በእኛ እጅ ሳለ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኛ የሚተርፈው ምንድነው? ሀገር ቤት ስንደርስ እኛ እዚህ እንደምናውቀው ተከራይና አገልጋይ አይደለንም፤ የቤት ባለቤቶች ነን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ «ባለቤቱ ይጠየቃል» ሲል፣ ካርታው በስማችን ከሆነ እኛን ማለቱ ነው። ቁጥጥሩ የሚላላበት ቤት የእኛ ስለሆነ ደግሞ ተቆጣጣሪ መሆን ያለብን እኛው ነን። ይህ የሚቻለው ብሩ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት ነው።

ቦታ ሲገዛ የውሃ መንገድ መሆን አለመሆኑ፣ ገደል አፋፍ ላይ ወይም ከተራራ ሥር መሆኑ፣ ድሮ የቆሻሻ ወይም የአፈር መድፊያ የነበረ መሆኑ ይጠየቅ። ይህን ከደላላ ሳይሆን ከሰፈሩ ሽማግሌዎችና ከእናቶች ጠይቁ፤ እንዲያው ቢረክስ «ለምን ረከሰ?» በሉ። ማዘጋጃ ቤት ያለበት ከተማ ከሆነ ፈቃዱ ሳይወጣ ብር አይላክ። ሕግ ይሻሻላልና ዛሬ የሚሠራበት የትኛው እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። ከግንበኛው ጋር አንድ ገጽ ውል ይጻፍ፤ ስሙ፣ የሚሠራው ሥራ፣ ዋጋውና የሚያስረክብበት ቀን ይስፈርበት፤ ምስክሮች ይፈርሙ። ዘመድ ቢሆንም ይጻፍ። ዘመድነት የሚበላሸው ቤቱ ሲሰነጠቅ ነው እንጂ ውል ሲጻፍ አይደለም።

ስለ ፎቶው ደግሞ ልንገራችሁ። ግድግዳው ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ የሚላክ ፎቶ ስለ ጥንካሬው ምንም አይናገርም። የሚያስፈልገን የሚሸፈነው ነገር ከመሸፈኑ በፊት የተነሣ ፎቶ ነው። መሠረቱ ተቆፍሮ ድንጋይ ሲገባበት፣ የኮለኑ ፌሮ ታስሮ ኮንክሪት ሳይሞላበት፣ ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስረው ቢም ከላይ ሲዘረጋ፣ ቆርቆሮው ከእንጨቱ ጋር ሲታሰር። የድሮው የእንጨትና የጭቃ ቤት ቀላል ስለሆነ መሬት ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይወዛወዛል። ብሎኬትና ድንጋይ ግን ከባድ ነው፤ በፌሮና በቢም ካልታሰረ ተለያይቶ ሰው ላይ ነው የሚወርደው። «ብሎኬት ስለሆነ ጠንካራ ነው» የሚለው አያታልላችሁ። አንድ ክፍል ቀንሶ ፌሮውን ማሟላት ይሻላል። ፎቶዎቹንና የላካችሁበትን ደረሰኝ አስቀምጡ፤ የ10 ዓመቱ ዋስትና የሚጠየቀው በማስረጃ ነው።

የገጠሩ ቤትና የቆሼው ቤት ግን በእኛ ፎቶ አይድንም። እሱ የሕግ ሥራ ነው፤ የገጠሩን የሚቆጥር፣ የድሃውን ቤት «ሕገ ወጥ» ብሎ ሳያልፍ አደጋ ከሌለበት ቦታ የሚያሰፍር፣ የሚጠናከርበትንም ወጪ የሚጋራ ሕግ ያስፈልጋል። እኛ ወደ ሀገር የምንልከው ገንዘብ ትንሽ አይደለም፤ ድምፃችንም ትንሽ መሆን የለበትም። ማኅበራችን ከኤምባሲም ሆነ ከሀገር ቤት ከሚመጡ ኃላፊዎች ጋር በተገናኘ ቁጥር ስለ ደሞዝና ስለ ፓስፖርት እንጠይቃለን፤ ጥሩ ነው። ከዚያው ጋር የቤቱን ነገርም እናንሣ። ሐሙራቢ ከግድግዳ ሥር የሞተችን አገልጋይ ከዕቃ ጋር ቆጠራት። ከዚያ ወዲህ 3 ሺህ 700 ዓመት አልፏል፤ አዲስ የቤት ሕግ ሲረቀቅ «እኛስ የት ቦታ ነው የተጻፍነው?» ብለን ብንጠይቅ ከልክ አላለፍንም።